ከኮረሪማ ቅርፊት እስከ ክሮማቶግራም፦ መዓዛማ ዘይትን ደረጃ በደረጃ መመርመር

ጅማ ውስጥ ቡና ሲፈላ ኮረሪማ ጣል ከተደረገበት ጎረቤት ሳይጠራ ያውቃል። ያ ሽታ ግን አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ከኮረሪማ ዘር በሚወጣው መዓዛማ ዘይት ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ውህዶች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው 1,8-ሲኒዮል ነው። ጉንፋን ሲይዘን በምንታጠነው የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጥም ዋናው እሱ ነው። ከእሱ ሌላ ከበድ ያለውና ቀስ ብሎ የሚተነው ኔሮሊዶል አለ። ፓይኒን፣ ሳቢኒን፣ ሊሞኒን፣ ተርፒኒዮል የመሳሰሉትም ይገኙበታል።

ይህን የጻፍኩት ለመመረቂያቸው መዓዛማ ዘይት ለሚመረምሩ ተማሪዎችና በትንሹ ዘይት እያወጡ ለመሸጥ ላሰቡ ሰዎች ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ በየዓመቱ የማየው ስህተት አንድ ነው፤ ማሽኑ፣ ማለትም ውህዶቹን ለያይቶ የሚያሳየው ጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ የሰጠውን ስም እንዳለ ገልብጦ ሪፖርት ማድረግ። ማሽኑ ስም አያጣም። ምንም ብትሰጡት የሆነ ስም ያወጣለታል። ስሙን ለማመን ግን ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። ምስክር መሰብሰብ የሚጀመረው ደግሞ ገበያ ላይ ነው።

ገበያ ላይ

ኮረሪማ የምገዛው ከሂርማታ ገበያ ነው። የተፈጨ አልገዛም። የተፈጨ ኮረሪማ ሽታው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም። ከነቅርፊቱ፣ ያልተሰነጠቀውን ግዙ።

አንድ ቀን ቅመም የሚሸጡ እናት ፊት ቁጢጥ ብዬ "እማማ፣ ይሄ የዘንድሮ ነው?" አልኳቸው። ዝም ብለው ከሁለት ክምር አንዳንድ ፍሬ አነሱ። ሁለቱንም በጥፍራቸው ሰነጠቁ። የአንዱ ዘር ጠቆር ብሎ ያብለጨልጫል፤ ዘሮቹም እርስ በርስ እንደተጣበቁ ናቸው። የሌላው ደብዝዟል፣ ሲነካ ይበተናል። ዘሮቹን በጣታቸው ጨፍልቀው አፍንጫዬ ሥር አደረጉልኝ። "በል አሽት ልጄ። ያኛው ለወጥ ይሆናል፤ ለቡና ግን አይሆንም" አሉኝ። ሁለቱንም ገዝቼ ለየብቻ ቋጠርኩ። በኋላ ስንመረምራቸው የአሮጌው ዘይት መጠኑም ያነሰ ነበር፣ በቀላሉ የሚተኑት ውህዶቹም ሳስተዋል። እማማ ያለ ማሽን የለዩትን ነው ማሽኑ የደገመልን።

ቢያንስ ከሦስት ሻጮች ግዙ፤ አትቀላቅሉ። ለእያንዳንዱ ከረጢት ቀኑን፣ ሻጩ ከየት መጣ እንዳሉ፣ መቼ እንደተለቀመና እንዴት እንደደረቀ ጻፉ። ከረጢቱ የወረቀት ይሁን።

ለምርምር ከሆነ የተክሉ ቅጠልና አበባ ያለበት ናሙና ደርቆና ተጭኖ ለዕፅዋት ባለሙያ መታየት አለበት። "ኮረሪማ" የሚለው ስም ብቻውን አይበቃም። ኮረሪማና ሄል ዘመዳሞች ናቸው፤ ግን የተለያዩ ተክሎች ናቸው። የሄል ዘይትም ሲኒዮል በብዛት አለው። የሚለየው ከሲኒዮሉ ጎን አልፋ ተርፒኒል አሲቴት የሚባል ውህድ በብዛት ስላለው ነው። "ኮረሪማ ነው" በተባለ ዘይት ውስጥ ይህ ውህድ ትልቅ ሆኖ ከታያችሁ ሄል ተቀላቅሎበት እንደሆነ ጠርጥሩ።

መፍጨት

ናሙናው በጥላ ይድረቅ እንጂ ፀሐይ ላይ አይሰጣ። ቅርፊቱንና ዘሩን ለዩ። ቅርፊቱም ዘይት አለው፤ ግን በጣም ያነሰ ነው፣ ስብጥሩም ይለያል። ሁለቱን አንድ ላይ ከፈጫችሁ ውጤታችሁን ከማንም ጋር ማወዳደር አትችሉም።

የምትፈጩት ልታወጡት ስትሉ ብቻ ነው። ሙቀጫና ዘነዘና ጥሩ ነው። ኤሌክትሪክ መፍጫ ከሆነ አምስት አምስት ሴኮንድ እያረፋችሁ ፍጩ፣ እንዳይግል። ክፍሉ ሸተተ ማለት ዘይቱ ሄደ ማለት ነው። እንደ ዱቄት አታልሙት፤ የተከካ ያህል ከሆነ ይበቃል። በጣም ከላመ ውሃ ውስጥ ይጓጉላል፣ አረፋም ያበዛል።

ስለ እርጥበት አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ናሙናውን 105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ከትቶ የቀነሰውን ክብደት "እርጥበት" ይለዋል። ቅመም ላይ ይህ አይሠራም። ከውሃው ጋር ዘይቱም ስለሚተን እርጥበቱ ከእውነተኛው በላይ ይሆናል። ቶሉዊን በሚባል ከውሃ ጋር የማይዋሃድ ፈሳሽ አፍልቶ የወጣውን ውሃ በሚሊ ሊትር ማንበብ ይሻላል።

ዘይቱን ማውጣት

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ክፍል ግማሹን ያውቀዋል። ማሰሮው ይፈላል፣ እንፋሎቱ በመቃው ያልፋል፣ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል። ላብራቶሪ ውስጥ የምንጠቀምበት ክሌቬንጀር የሚባል የብርጭቆ ዕቃ ነው፤ ከ1928 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ልዩነቱ የሚንጠባጠበው ውሃ ወደ ፍላስኩ (ወደ ማፍያው ጠርሙስ) ተመልሶ ሲገባ ዘይቱ ላይ ተንሳፍፎ በተሰመረ ቀጭን ቱቦ ውስጥ መቅረቱ ነው።

100 ግራም የተከካ ዘር መዝኑ። ባለ 2 ሊትር ፍላስክ ውስጥ ከ1 ሊትር የተጣራ ውሃ ጋር ጨምሩ። ጥቂት የሸክላ ፍንካች ጨምሩበት፤ እሱ ከሌለ ውሃው በድንገት ይገነፍልና ዱቄቱ ኮንደንሰር (እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ውስጥ ይገባል። ክሌቬንጀሩን ገጥማችሁ ማሞቂያውን አብሩ። በደቂቃ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር እንዲንጠባጠብ ሙቀቱን አስተካክሉ።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ንጹሕ ሲኒዮል ደግሞ የሚፈላው 176 ዲግሪ ላይ ነው። ታዲያ እንዴት ይወጣል? ውሃና ዘይት ስለማይዋሃዱ እያንዳንዳቸው ሌላው እንደሌለ ሆነው ይተናሉ። የሁለቱ የትነት ግፊት ሲደመር ከአየሩ ግፊት ጋር እኩል ከሆነ ድብልቁ ይፈላል። ለዚህ ነው ዘይቱ ሳያር፣ ከውሃው መፍያ በታች እንኳ አብሮ የሚወጣው።

ሰዓት መቁጠር የምትጀምሩት የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወድቅ ነው። በየ30 ደቂቃው የዘይቱን መጠን አንብባችሁ ጻፉ። ሁለት ተከታታይ ንባብ እኩል ከሆነ አለቀ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ 3 ሰዓት ይበቃል። ቸኩላችሁ በ1 ሰዓት ካቆማችሁ የምታጡት መጠን ብቻ አይደለም። ቀላሎቹ፣ እነ ፓይኒንና ሲኒዮል፣ ቀድመው ይወጣሉ። ኔሮሊዶል ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ የ1 ሰዓት ዘይትና የ3 ሰዓት ዘይት ከአንድ ከረጢት ወጥተው ሁለት የተለያዩ ተክሎች ይመስላሉ። የሁለት ሰዎች ውጤት ሲጋጭ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ሰዓት እንዳፈሉት ነው።

የቧንቧ ውሃ መሃል ላይ ሊጠፋ ይችላል። ኮንደንሰሩ ሞቆ ዘይቱ አየር ላይ እንዳይቀር ባልዲ ውሃና ትንሽ ፓምፕ አጠገባችሁ ይኑር። ካልሆነ ማሞቂያውን ወዲያው አጥፉ።

ሲበርድ አንብቡ። ከ100 ግራም ዘር 3 ሚሊ ሊትር ገደማ ካገኛችሁ ጥሩ ኮረሪማ ነው። ዘይቱን ወደ ትንሽ ጠርሙስ አውርዱና ውሃ አልባ ሶዲየም ሰልፌት ጨምሩበት። ጨዉ ሳይጓጉል ልቅ ብሎ ሲንቀሳቀስ ውሃው አልቋል። ከዚያ በቡናማ ብርጭቆ፣ እስከ አንገቱ ሞልታችሁ፣ 4 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ።

ብርጭቆ ያልኩት በምክንያት ነው። መጀመሪያ አካባቢ ብርጭቆ ጠርሙስ አልቆብኝ ዘይቱን ለሁለት ሳምንት ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስቀመጥኩት። ማሽን ላይ ሳወጣው ክሮማቶግራሙ (ማሽኑ የሚያወጣው ግራፍ) መጨረሻ ላይ አንድ የሚያምር ፒክ፣ ማለትም ውህድ የሚያመለክት ጉብታ፣ ብቅ አለ። ከኮረሪማ ላይ ሪፖርት ሲደረግ አይቼው የማላውቀው ነገር ነበር፤ አዲስ ውህድ አገኘሁ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ ስፔክትረሙን (የውህዱን ስብርባሪዎች ክብደት በመስመር የሚያሳየውን) ረጋ ብዬ ሳየው ከሁሉ የሚበልጠው መስመር 149 ላይ ነው። ያ የፍታሌት ምልክት ነው፤ ፕላስቲክ ለማለስለስ የሚጨመር ኬሚካል። መዓዛማ ዘይት ፕላስቲክን ያሟሟል። 149ን ያየሁ ጊዜ ሁሉ እስከ ዛሬ ቀድሜ የማየው ጠርሙሱንና ክዳኑን ነው።

ከማሽኑ በፊት ርካሹ ምርመራ

የጋዝ ክሮማቶግራፊ ወረፋ ረጅም ነው። እስኪደርሳችሁ ድረስ በስስ ሽፋን ክሮማቶግራፊ ብዙ ነገር ማየት ይቻላል፤ ፕሌት ላይ ጠብ የተደረገውን ዘይት ማሟሟያ ፈሳሽ ወደ ላይ እየሳበ ውህዶቹን ይለያቸዋል። የሲሊካ ጄል ፕሌት፣ 9 እጅ ሄክሴንና 1 እጅ ኢታይል አሲቴት ይበቃሉ። ዘይቱን በሄክሴን አቅጥናችሁ ጠብ አድርጉ። አጠገቡ የነጭ ባሕር ዛፍ ዘይት ጠብ አድርጉ፤ ለሲኒዮል ማነጻጸሪያ ይሆናችኋል።

ፕሌቱን አልትራቫዮሌት መብራት ሥር ብቻ አይታችሁ "ምንም የለም" አትበሉ። ሲኒዮል ያንን ብርሃን አይውጥም፤ ስለዚህ አይታይም። በቫኒሊንና ሰልፈሪክ አሲድ ረጭታችሁ 105 ዲግሪ ላይ ለ5 ደቂቃ ስታሞቁት ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ርጭቱ ሁድ (ጭስ መሳቢያ) ሥር ይሁን፤ ጓንትና መነጽር ሳታደርጉ አትሞክሩት።

የብርሃን ስብራት መጠንና ጥግግትም ለኩ። ደቂቃዎች ነው የሚፈጅባችሁ፤ ዘይቱ በምግብ ዘይት ወይም በአልኮል ከተበረዘ ቶሎ ያጋልጣል።

ጋዝ ክሮማቶግራፊ

ማሽኑ ውስጥ 30 ሜትር የሚረዝም፣ ውስጡ 0.25 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ቀጭን ቱቦ ተጠምጥሞ ምድጃ ውስጥ ተቀምጧል። ይህ ኮለም ይባላል። ሄሊየም ይነፍስበታል። ዘይቱ መግቢያው ላይ ተኖ ይገባል፤ ቀላሎቹ ቶሎ፣ ከባዶቹ ዘግይተው ይወጣሉ። መውጫው ላይ ማስ ስፔክትሮሜትር እያንዳንዱን ውህድ በኤሌክትሮን መትቶ ይሰባብረዋል፣ ስብርባሪውንም ይመዝናል።

እኔ የምጀምርበት አሠራር ይህ ነው። 10 ማይክሮ ሊትር ዘይት በ1 ሚሊ ሊትር ሄክሴን አቅጥኑ። 1 ማይክሮ ሊትር አስገቡ፣ ስፕሊቱ 50 ለ1 ይሁን (50 እጁ ወደ ውጭ ይለቀቃል፣ 1 እጁ ወደ ኮለሙ ይገባል)። መግቢያው 250 ዲግሪ፣ ሄሊየሙ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር። ኮለሙ 5 በመቶ ፌኒል ያለው፣ ብዙዎች ኤችፒ-5 የሚሉት ዓይነት። ምድጃው 60 ዲግሪ ላይ 2 ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ በደቂቃ 3 ዲግሪ እየጨመረ እስከ 240 ይውጣ፤ እዚያ 5 ደቂቃ ይቆይ። በድምሩ 67 ደቂቃ ነው። "ረዘመ" ብላችሁ በደቂቃ 10 ዲግሪ አታድርጉት። መለየት የሚገባቸው ፒኮች ይደራረባሉ። ማስ ስፔክትሮሜትሩ በ70 ኤሌክትሮን ቮልት ከ40 እስከ 400 ያለውን የስብርባሪ ክብደት ያንብብ፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ደቂቃዎች ይዝለል፣ ሄክሴኑ እስኪያልፍ።

ከናሙናው በፊት ሁለት ነገር አስገቡ። አንደኛ ባዶ ሄክሴን፤ እዚያ የታየ ፒክ የእናንተ ዘይት አይደለም። ሁለተኛ ከ8 እስከ 20 ካርቦን ያላቸው የአልኬኖች (ቀጥ ያለ ሰንሰለት ያላቸው ሃይድሮካርቦኖች) ድብልቅ፣ በዚያው አሠራር። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ተማሪ ይዘለዋል። እኔ ያለ እሱ የመጣ ሪፖርት አልፈርምም።

መብራት መሃል ላይ ከሄደ ያንን ሩጫ ጣሉት። ቫክዩሙ እስኪረጋ ጠብቃችሁ እንደ አዲስ ጀምሩ፤ የ18፣ የ28 እና የ32 መስመሮች ከፍ ብለው ከታዩ አየር ወይም እርጥበት አለ።

ስም መስጠት

ልፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፒኩን ስትነኩት ኮምፒውተሩ ከስፔክትረም ማከማቻው ጋር አመሳክሮ "95 በመቶ ሳቢኒን" ይላችኋል። አትቸኩሉ። ፓይኒን፣ ሳቢኒን፣ ሊሞኒን፣ ፌላንድሪን ሁሉም 10 ካርቦንና 16 ሃይድሮጂን ናቸው። ሁሉም 136 ይመዝናሉ። ብዙዎቹም ሲሰበሩ ትልቁ መስመራቸው 93 ላይ ነው። በስፔክትረም ብቻ ከተመለከትናቸው እንደ መንታ ናቸው።

የሚለያቸው የመውጫ ጊዜያቸው ነው። ጊዜው ራሱ ግን ከማሽን ማሽን ይለያያል። ስለዚህ ወደ ሬቴንሽን ኢንዴክስ፣ ከአልኬኖቹ አንጻር ወደሚሰላ የመውጫ ቁጥር፣ እንቀይረዋለን፤ አልኬኖቹ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ለምሳሌ ባለ 10 ካርቦኑ አልኬን 10.20 ደቂቃ፣ ባለ 11ዱ 13.60 ደቂቃ ላይ ወጣ እንበል። የእናንተ ፒክ 11.27 ላይ ነው። 11.27 ሲቀነስ 10.20 1.07 ነው። በሁለቱ አልኬኖች መካከል ያለው 3.40 ደቂቃ ነው። 1.07ን ለ3.40 ስታካፍሉ 0.31 ይመጣል። በ100 አባዝታችሁ 1000 ላይ ደምሩ፤ 1031 ይሆናል። ይህ በዚህ ዓይነት ኮለም ላይ ለ1,8-ሲኒዮል የሚጠበቀው ቁጥር ነው። አልፋ ፓይኒን 939፣ ሳቢኒን 975፣ ቤታ ፓይኒን 979 አካባቢ ይወጣሉ። ስፔክትረሙ ተመሳስሎ ኢንዴክሱ ከታተመው ከ10 በላይ ከራቀ ስሙን አትቀበሉ።

ኢንዴክሱም ብቻውን የሚያሳስትበት ቦታ አለ፤ ያ ቦታ ደግሞ የኮረሪማ እምብርት ነው። ሊሞኒን፣ ቤታ ፌላንድሪንና ሲኒዮል በኤችፒ-5 ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚወጡት። ትልቁ የሲኒዮል ፒክ ሌሎቹን ይሸፍናቸዋል። እዚህ ፒኩን ከግራ ወደ ቀኝ ነጥብ በነጥብ ተራመዱበት። በግራ ትከሻው 68 ከፍ ካለ ሊሞኒን አለ። 154፣ 139 እና 108 አብረው ካበጡ ሲኒዮል ነው። የእያንዳንዱን መስመር ለብቻው ስታስሉት አንድ የመሰላችሁ ፒክ ሁለትና ሦስት ጫፍ ያወጣል። ማሽኑ ዋልታዊ፣ ዋክስ የሚባለው ኮለም ካለው እዚያም አስገቡት። ሊሞኒንና ሲኒዮል እዚያ ይራራቃሉ። በሁለት ኮለም የጸና ስም ከሁሉ ይሻላል። ንጹሕ ሲኒዮል ካላችሁ ደግሞ ትንሽ ጨምራችሁ ድገሙት፤ ፒኩ ሳይሰነጠቅ ካደገ እሱ ነው።

ያልታወቀውን "ያልታወቀ" ብላችሁ ከኢንዴክሱና ከትልልቅ መስመሮቹ ጋር ጻፉት። ያ ነውር አይደለም። የተሳሳተ ስም ግን ከእናንተ ሪፖርት ወደ ሌላው እየተቀዳ ዓመታት ይኖራል።

መጠን

በማስ ስፔክትሮሜትር የፒክ ስፋት የተገኘ መቶኛ የክብደት መቶኛ አይደለም። ለመጠን ኤፍ አይ ዲ የሚባለውን የነበልባል ጠቋሚ ተጠቀሙ። እሱም ቢሆን ኦክስጅን ላላቸው እንደ ሲኒዮል ላሉ ውህዶች የሚሰጠው ምላሽ ከሃይድሮካርቦኖቹ ያነሰ ነው። "በግራም ስንት ሚሊ ግራም ሲኒዮል አለ?" ከተባላችሁ በንጹሕ ሲኒዮል አምስት ነጥብ ያለው መለኪያ መስመር ሥሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ ለማነጻጸሪያ እኩል የተመዘነ ኖኔን (ባለ 9 ካርቦኑ አልኬን) ጨምሩ። ኖኔን ከፓይኒኖቹ ቀድሞ ስለሚወጣ አይደረብም።

አንዱን ዘይት ሦስት ጊዜ ማስገባት የሚያሳየው የማሽኑን ጽናት ነው። የኮረሪማውን ልዩነት ለማየት ሦስት ጊዜ ፈጭታችሁ ሦስት ጊዜ አውጡ።

አፍንጫም ይመስክር

ትልቁ ፒክ ሁልጊዜ ትልቁ ሽታ አይደለም። የማጣሪያ ወረቀት ክር ላይ አንድ ጠብታ አድርጉ። ወዲያው፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ፣ ከ1 ሰዓት በኋላ አሽትታችሁ ጻፉ። መጀመሪያ የሚመታችሁ የባሕር ዛፍ ዓይነቱ ቅዝቃዜ ነው። እሱ ሲሄድ ለስላሳና እንጨት እንጨት የሚል ነገር ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ከባዶቹ ናቸው።

ማሽኑ ስም አንድ ብሎ አፍንጫ ሁለት የሚልበት ጊዜም አለ። ድንብላልና በሶብላ ሁለቱም ሊናሎል አላቸው። ተራው ኮለም ሁለቱንም "ሊናሎል" ይላቸዋል። ግን እንደ ቀኝና ግራ እጅ ናቸው፤ በድንብላሉ አንደኛው፣ በበሶብላው ሌላኛው ይበዛል፣ ሽታቸውም አይገጥምም። እነሱን ለመለየት ሳይክሎዴክስትሪን ያለበት ልዩ ኮለም ያስፈልጋል። በሶብላ ወይም ድንብላል የምትመረምሩ ከሆነ ይህን ከመጀመሪያው አስቡበት።

የተረፈውን ዘይት አትድፉት። ቀኑን፣ የሻጩን ቁጥርና የፈላበትን ሰዓት ለጥፋችሁበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ። ከስድስት ወር በኋላ በዚያው አሠራር ድገሙት። ሊሞኒኑና ተርፒኒኖቹ ቀንሰው ፓራ ሳይሚን ከጨመረ አየር ገብቶበታል፤ ክዳኑን ለውጡና የመጀመሪያውን ውጤት ብቻ ሪፖርት አድርጉ።